ሰባት መቶ ዘጠና ሁለት ቀን

ደብዳቤው ሲደርሰን ዝናብ ይዘንባል፤
ብላይናይ መች ደግሞ ዝናብ ይጠፋል?
እዚህ ግድግዳው ጥቁር፣ ጣሪያው ጥቁር ድንጋይ፣
ተራራው ተፈልጦ የተደፋ ከላይ።

ኤሊኔድ ልጄ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት
ሁለት ሳምንት ቀርቷት
የባቡሩን ሰዓት፣ ከላንዲድኖ እስከ እኛ፣
በቃሏ ትወጣዋለች፤ እኔ ሠራተኛ፣
ትኬት እየቆረጥኩ አሥር ዓመት ስሄድበት
እሷን እጠይቃለሁ የዘገየ ለት።
ጫማዋን ግን አታውቅም።
ግራው እግሯ ላይ ነው፤ ቀኙን ስንፈልገው
ከፍሪጁ ውስጥ፣ ከቅቤው ጎን አገኘነው።

መምህሯ ሚስተር ፕሮበርት ክፉ ሰው አይደሉ፤
"ውጤቷን እዩት እስቲ፣ ምን ጎደላት?" አሉ፣
"በሒሳብ አንደኛ፣ በንባብ አንደኛ።
ችግር ያለበትን ልጅ እናውቃለን እኛ፤
ወንበር ይገለብጣል።"
እሷ ወንበር አትገለብጥም።
መስኮት ዳር ተቀምጣ፣ ደብተሯን ዘርግታ፣
ገጹ እንደ ነጣ ነው፣ ቀኑን ብቻ ሞልታ።

አንደኛ መውጣቷን እኔስ መች ጠልቼ!
ግን ማታ አያታለሁ ከሥራ ገብቼ፦
ለአንዲት አንቀጽ ጽሑፍ ሦስት ሰዓት ፈጅታ፣
ግንባሯን በቡጢ ደጋግማ መትታ፣
"ሁሉም ሬዲዮ በርቷል፣ ማን ይዝጋልኝ?" ብላ፣
እራቷ ቀዝቅዞ፣ አንዳችም ሳትበላ።

ቅጹ ሃምሳ አራት ጥያቄ ደርድሯል፤
"ሁልጊዜ"፣ "አንዳንዴ"፣ "በጭራሽ" ይለኛል።
"ዕቃ ይጠፋባታል?"
ልመልስ ስነሣ እስክሪብቶው ጠፋኝ፤
ቤቱን ሁሉ ዞሬ
ጆሮዬ ላይ ሰክቼው ኤሊኔድ አሳየችኝ።

በትከሻዬ በኩል ተንጠራርታ አነበበች፤
"እማዬ፣ ዘጠኝ ቁጥርና ሠላሳ አንድ" አለች፣
"አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ቃሉን ነው የገለበጡት።
ደግሞ አርባ ሁለትን እዪው፦
'ሲያናግሯት የማትሰማ ትመስላለች?'
መስማትና መምሰል ሁለት ናቸው እኮ!
እኔ እሰማሻለሁ፤ ካንቺ ጋር ግን ሌላም ይሰማኛል፤
ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣
ደሞ..."
ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ጥላው
ድመቷን ተከትላ ወጣች።

"ቀልብ የላትም" ይሏታል። እኔ እናቷ ሳያት
ቀልብስ ሞልቷታል፤ በር ነው የሌላት።
የመጣ ባቡር ሁሉ ሳይጠራ ይቆማል፣
ተሳፋሪው ሁሉ ባንዴ ይወርዳል።

ትናንት ደብተሯን ሳገላብጥ፣ ከኋላው ሽፋን ጥግ፣
ጉንዳን በሚያካክል ፊደል፦
ሰነፍ። ሰነፍ። ሰነፍ።
አራተኛው አላለቀም።
ስም ያላወጡለት ለራሱ ያወጣል።
ሐኪም ዘንድ የምሮጠው በሽታ ልገዛላት አይደለም፤
ያንን ቃል ከቦታው የሚያስለቅቅ
ሌላ ቃል ልለምን ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ "ተራዎ ተይዟል፤
ሃያ ስድስት ወር ይጠብቁ።"
ቀድማኝ አነበበችው፣ ጣሪያ ጣሪያ አየች፤
"ሰባት መቶ ዘጠና አንድ ቀን" አለች።
"ቆይ! በመሀል ፌብሩዋሪ ሃያ ዘጠኝ የሚሆንበት ዓመት አለ፤
ዘጠና ሁለት።"
ከዚያ ቀስ ብላ፦
"ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።
እስከዚያ ግን ምንድን ነኝ?"

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ደወልኩ፦ "ሰው ከቀረ፣
አንድ ሰው እንኳ ከቀረ፣ እኛ ቅርብ ነን፤
ሌሊትም ቢሆን እንመጣለን።"
መዘገቡኝ። ወይም መዘገብን አሉ።

ልጄ እስከ አጥሩ ሄዳ ተመለሰች፦ "ቦርሳዬ!"
ደፉ ላይ ቆሜ ነበር፣ ይዤላት፣ እንደ በር።
ነጠቀችኝ፣ ሳመችኝ፣ ሮጠች፤
ጃንጥላውን ትታ ዝናቡ ውስጥ ገባች።